ትንሽ ኮሌጅ ትርፍ ሰው የለውም

(በሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፣ ለሃይስኩል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ? አልተሰማኝም። እንደምን ዋላችሁ? አዎ፣ እንዲህ ነው!

እናቶች፣ አባቶች፣ በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ ስልካችሁ ላይ ያቀረቀራችሁ ልጆችም እንኳን ደህና መጣችሁ። ተጎትታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እናቴ እየጎተተች ነበር እዚህ አዳራሽ የምታመጣኝ። ወንበሩ ተቀይሯል። ሻዩ ያው ነው።

አዘጋጆቹ "ከመደበኛ ትምህርት ውጪ ስላሉ እንቅስቃሴዎች ተናገሪ" አሉኝ። ስሙ ሲጠራ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ይመስላል። ዛሬ በአጭሩ "ክለብ" እለዋለሁ። ስፖርቱም፣ ሬዲዮውም፣ በሌሊት ኩኪስ መጋገሩም እዚያው ውስጥ ይግባ።

ሦስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ትንሽ ኮሌጅ ምን ዓይነት ቦታ ነው? ሁለተኛ፣ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ ምን ይሠራል? ሦስተኛው ለወላጆች ነው። እሱ ላይ ስደርስ ልጆች ጆሯችሁን ትይዛላችሁ።

የተማርኩት ካርልተን ኮሌጅ ነው፣ ኖርዝፊልድ። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ስንቶቻችሁ አይታችሁታል? እጅ አውጡ እስቲ። ሁለት፣ ሦስት... አያችሁ? በ35 አውራ ጎዳና ወደ አዮዋ ስትወርዱ ሁልጊዜ አልፋችሁት ነው የምትሄዱት። ከተማዋ ሃያ ሺህ ያህል ሰው ይኖርባታል። መፈክሯ "ላሞች፣ ኮሌጆችና እርካታ" ነው። ላም እንደቀደመ ልብ በሉ። "ኮሌጆች" የተባለው ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ ሴንት ኦላፍ የሚባል ሌላ ኮሌጅ ስላለ ነው። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ከተማው በሙሉ አጥሚት አጥሚት ይሸታል። ቀልዴን አይደለም። የማልት-ኦ-ሚል ፋብሪካ እዚያ ነው፤ እህሉ ሲቆላ ሽታው ሰፈሩን ይሞላዋል። ዶርም ልታስገባኝ የመጣች ቀን እናቴ ከመኪና ወረደች፣ አየሩን ሳብ አደረገችና "እዚህ ሰፈር አራስ አለች እንዴ?" አለች።

እናቴ እዚህ አለች። እዚያ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰችው። እማዬ፣ ዛሬ ስምሽ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። ካርልተን የተመሠረተው በ1866 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምናገረው። ተማሪው ሁለት ሺህ ገደማ ነው። የማስተርስ ተማሪ የለም፣ የዶክትሬት ተማሪ የለም። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ላብራቶሪ ውስጥ ረዳት ሲፈልግ የሚያገኘው እናንተን ነው። ዓመቱ በሦስት ተርም ይከፈላል፤ አንዱ ተርም አሥር ሳምንት ነው፤ በአንድ ተርም ሦስት ኮርስ ይወሰዳል። ሜጀር፣ ዋናው የትምህርት ዘርፍ ማለት ነው፣ የሚመረጠው ሁለተኛ ዓመት ሲያልቅ ነው፤ እስከዚያ ከየዘርፉ ትማራላችሁ። ሊብራል አርትስ የሚሉት ይሄንን ነው። እናቴ "አርትስ" የሚለውን ሰምታ አንድ ወር ሙሉ "ሥዕል ልትማር ነው" ብላ ስታዝን ከርማለች። እኔ የጨረስኩት በኬሚስትሪ ነው።

አሁን ሁለት ሺህ የሚለውን ያዙልኝ። ሁለት ሺህ ሰው ስንት ነው? አንድ የሀበሻ ሠርግ አምስት መቶ ሰው ይጠራል እንበል። ኮሌጁ በሙሉ አራት ሠርግ ነው ማለት ነው። አራት ሠርግ! ይሄ አራት ሠርግ ሙሉ ጋዜጣ ያወጣል። ኦርኬስትራ አለው። ቲያትር ይሠራል። ቀንና ሌሊት የሚሠራ ሬዲዮ ጣቢያ አለው። የእግር ኳስ፣ የዋና፣ የሩጫ ቡድን አለው። አካፍሉት እስቲ። ለእያንዳንዱ ስንት ሰው ይደርሰዋል?

ትርፍ ሰው የለም። ልናገር የመጣሁት ይሄንኑ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ጓደኞቼ አንድ ክለብ ለመግባት ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፣ ኢንተርቪው ይቀመጡ ነበር፣ "አልተመረጣችሁም" የሚል ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር። እኛ ጋ ክለቡ ራሱ መጥቶ ይለምናችኋል። ዕድር የምታውቁ አባቶች ይገባችኋል። ሰው ሲያንስ "እኔ ድንኳን መትከል አልችልም" ማለት አለ? የለም። ካስማውን ትይዛላችሁ፣ አለቀ። ያልቻላችሁትን እዚያው ትለምዱታላችሁ።

ወደ ሁለተኛው። ግቢው መሀል ሰፊ ሣር ሜዳ አለ፤ ስሙ "መላጣው" ነው። የአማርኛ ትርጉሙ የኔ ነው፤ እነሱም ግን በእንግሊዝኛ ያንኑ ነው የሚሉት። መስከረም ላይ ክለቦች ጠረጴዛ አውጥተው አዲስ ተማሪ ይመዘግባሉ። እኔ ሃይስኩል አንድም ክለብ ገብቼ አላውቅም። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ታናሽ ወንድሜን እጠብቅ ነበር፤ እናቴ የማታ ሥራ ነበረባት። ስለዚህ እዚያ ቀን ምን ሆንኩ? ሠርግ ቤት እንደገባ ልጅ ከየጠረጴዛው ቀማመስኩ። ስድስት ቦታ ፈረምኩ። ስድስት! ክርክር፣ ጋዜጣ፣ የአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር፣ ሬዲዮ፣ ዳንስ፣ አንዱን ደግሞ ዛሬም አላስታውሰውም፤ ከረሜላ ይሰጡ ነበር።

አሥር ሳምንት አጭር ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፈተና ይጀምራል። አምስተኛው ሳምንት ላይ የኬሚስትሪ ፈተናዬ ተመለሰ። ውጤቱን አልነግራችሁም፤ እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ብቻ ወረቀቱን አጥፌ ካልሲዬ ውስጥ ደበቅኩት። ጥፋቱ የኔው ነው፤ ማንም ስድስት ቦታ ፈርሚ አላለኝም። ከዚያ አራቱን ተውኩና ሁለት ያዝኩ። ልጆች፣ ሁለት። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ይበቃል። አንዱ የምትወዱት፣ አንዱ የማታውቁት።

የኔ የማላውቀው ሬዲዮው ነበር። ኬ አር ኤል ኤክስ ይባላል፣ 88.1 ኤፍ ኤም። የሚመሩት ተማሪዎች ናቸው። ነባሮቹ ጥሩ ሰዓት ይይዛሉ፤ አዲስ ሰው የሚደርሰው ሌሊት ነው። ለእኔ የደረሰኝ በክረምቱ ተርም ረቡዕ ሌሊት ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ነው። በሀበሻ ሰዓት ዘጠኝ። እናቴ በስልክ "ሬዲዮ ደግሞ ምን ዓይነት ትምህርት ነው? በዚያ ሰዓት ማነው የሚሰማሽ?" አለች። ጥያቄዋ ልክ ነበር። ማንም አይሰማኝም ነበር።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው ተገኘ። እዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። አክስቴ ሱቅ አላት። ጣቢያው በኢንተርኔትም ስለሚተላለፍ ስልኳን ባንኮኒው ላይ ታቆምና ትከፍተዋለች። ስለ ኖርዝፊልድ የምታውቀው ነገር የለም። የልጅቷን ድምፅ ለመስማት ነው። እኔ በየሰዓቱ መጀመሪያ የጣቢያውን ስም መጥራት አለብኝ፤ ሕግ ነው። እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ "ኬ አር ኤል ኤክስ፣ ኖርዝፊልድ" እላለሁ። ወዲያው መልእክት ይገባል። "ምነው ድምፅሽ ተኛ? ምሳ አልበላሽም?" አንድ ቀን ደግሞ አንድ የሚጮህ የጊታር ሙዚቃ ከፈትኩ። ደወለች። "ኧረ ቀይሪው የኔ እናት፣ ደንበኛ አባረርሽብኝ!" በአየር ላይ እያለሁ ነው የምላችሁ። የድሮ የአማርኛ ዘፈን አስገባሁላት። አንዲት ሴትዮ ሱቁ ደጃፍ ቆማ እስኪያልቅ ሰማችው አለችኝ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ሌላ ሌሊት ነው። የጥር ወር ነበር፤ ውጪው በፋራናይት ከዜሮ በታች 18። ሚኒሶታዎች ናችሁ፣ አላስረዳችሁም። አልጋዬ ውስጥ ሆኜ "ዛሬ ብቀርስ? የሚሰማኝ አክስቴ ናት፤ እሷን እደውልላታለሁ" ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ከእኔ በፊት ያለው ልጅ ትዝ አለኝ። የሚተካው ሳይመጣ ወንበሩን ጥሎ አይሄድም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የካልኩለስ ፈተና እንዳለበት ነግሮኛል። እኔ ካልሄድኩ እሱ አይተኛም። ሁለት ሱሪ ደርቤ ወጣሁ። ስደርስ አገጩን ማይክሮፎኑ ሥር አስደግፎ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ቀና ብሎ አየኝና "መጣሽ" አለ። በቃ፣ ሌላ አላለም። ጃኬቱን ለብሶ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ የተፈለግሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ስለ ክረምት ካነሳን፣ "መላጣው" ላይ ውሃ ይለቁበትና በረዶ ያደርጉታል። እዚያ ላይ ብሩምቦል ይጫወታሉ። እንደ በረዶ ሆኪ ነው፣ ግን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የለም፤ በተራ ጫማ ነው። መንሸራተት የሚችል ሰው እንኳ በጫማ በረዶ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚኒሶታው ልጅም፣ የአዲስ አበባዋም፣ የጋናውም እኩል እንወድቃለን። ከሁሉ ስፖርት የወደድኩት እሱን ነው። ዋናው የግቢው ስፖርት ግን ፍሪዝቢ ነው። አዎ፣ ያ የሚወረወረው ሳህን። የካርልተን ቡድኖች በዚያ ሳህን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎችን አሸንፈው የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

ከዚህ በኋላ የምናገረውን "አበዱ እንዴ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። በጸደይ አንድ ቀን ፀሐይ ስትወጣ የሚጀመር የሶፍትቦል ጨዋታ አለ፤ ሮትብላት ይባላል፤ ስሙ የአንድ የድሮ ቤዝቦል ተጫዋች ነው። ኮሌጁ ስንት ዓመቱ ነው? ያንን ያህል ኢኒንግ፣ ዙር ማለት ነው፣ ይጫወታሉ። በ2016 150 ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ! ወግ ስለሆነ ተጫዋቹ በአንድ እጁ መጠጥ ይይዛል። እማዬ፣ የኔ ሎሚናት ነበር።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፣ ከኔ ዘመን በፊት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተማሪው የሃይማኖት አገልግሎት ላይ መገኘት ግዴታው ነበር። ያልወደዱት ልጆች ምን አደረጉ? መስኮት አልሰበሩም። በ1963 ራሳቸው አንድ ቡድን መሠረቱ፤ "የታደሱ ድሩይዶች" ብለው። ድሩይድ የጥንት አውሮፓ ጣዖት አምላኪ ካህን ነው። ኮረብታ ላይ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ "ይሄም አገልግሎት ነው፤ ቁጠሩልን" ይላሉ። ነገሩ ለተቃውሞ የተደረገ ቀልድ ነው። በማግሥቱ ዓመት ግዴታው ቀረ። ቀልዱም ያበቃል ተብሎ ተጠበቀ። አላበቃም! መሰብሰቡን ለምደውት ነበርና ቀጠሉ። አባ፣ እንደዚያ አይዩኝ፤ ልጆቹ ሃይማኖት ይፍጠሩ እያልኩ አይደለም። ተማሪ አንድ ነገር ሲከፋው ቁጭ ብሎ ከማማረር ተነስቶ አንድ ነገር የሚያቋቁምበት ግቢ ነው ለማለት ነው።

ይሄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እዚህ ፊት የተቀመጡት ጋሼ፣ አራት ኪሎን ያስታውሳሉ አይደል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት ከእኔ ኮሌጅ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ከመቶ በታች ተማሪ። የሚመሩት ኢየሱሳውያን የሚባሉ ካናዳውያን የካቶሊክ መነኮሳት ነበሩ። እዚያ "የኮሌጅ ቀን" የሚባል ነበር። ተማሪው ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡበት የራሱን ግጥም ያነባል። መጀመሪያ ግጥሙ ጨዋ ነበር። እየቆየ ስለ ድሃው መናገር ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የአገሪቱን ታሪክ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ያ የግጥም ውድድር "ከመደበኛ ትምህርት ውጪ" ነበር ወይስ ትምህርቱ ራሱ?

(ጭብጨባ)

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ፣ ሦስተኛው። ልጆች፣ ጆሮ!

ወላጆች፣ ሁለት ነገር እንደሚያሳስባችሁ አውቃለሁ። አንዱ ገንዘብ ነው። የእነዚህ ኮሌጆች የክፍያ ወረቀት ያስደነግጣል። እናቴ ቁጥሩን ስታይ "የዓመቱ ነው ወይስ የአራቱም?" ብላ ነበር የጠየቀችው። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉም ሰው የሚከፍለው አይደለም። ካርልተንም፣ እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ ያለው ማካለስተርም፣ ቤተሰቡ መክፈል የሚችለውን በፎርም ካሰሉ በኋላ ቀሪውን በእርዳታ እንሸፍናለን የሚሉ ናቸው። ከእርዳታው ውስጥ የግቢ ሥራ ይኖርበታል። እኔ መጻሕፍት ቤት መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ እመልስ ነበር። ፎርሙን በጊዜ ሙሉ። "ለእኛ አይሰጡንም" ብላችሁ ሳትሞክሩ አትቅሩ።

ሁለተኛው "ትምህርትህ ላይ ብቻ አተኩር" የምትሉት ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሁለት ሥራ እየሠራችሁ ያመጣችሁት ልጅ ፍሪዝቢ ሲወረውር ማየት ያማል። ያማል! እኔም አሁን ወላጅ ነኝ። ግን አንድ ሰው ልጥራላችሁ። በ1959 አንድ የጋና ወጣት ማካለስተር መጣ። ከዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። ኢኮኖሚክስ ተማረ። ሮጠ። በንግግር ውድድር የክፍለ ግዛቱ አሸናፊ ሆነ። በ1961 ተመረቀ። ኮፊ አናን ነው፤ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የሆነው። ራሱ ያወራው የነበረ ወግ አለ። የመጀመሪያው ክረምት ሰው ሁሉ የጆሮ መሸፈኛ ሲያደርግ፣ እሱ "ይሄን አስቀያሚ ነገር አላደርግም" ብሎ እምቢ አለ። አንድ ቀን ጆሮው ሊረግፍ ደረሰ። ሄዶ ከሱቁ ትልቁን ገዛ። ከዚያ ወዲህ፣ ሰው አገር ገብተህ ከአገሬው በላይ አውቃለሁ አትበል ይል ነበር። እኛም ወላጆች ብንሆን ይሄ አገር ልጅን በክለብ ጭምር እንደሚያስተምር የሚያውቁትን ብንሰማ ጆሯችን ይተርፋል።

ደግሞ ለማመልከቻ ማሳመሪያ ብላችሁ አታስገቧቸው። ልጁ ሳይወደው ቫዮሊን የያዘ እንደሆነ ከበሩ ላይ ይታወቃል።

ልጨርስ ነው። አዘጋጇ ሰዓት እያሳየችኝ ነው፤ አይቼሻለሁ።

ኖርዝፊልድ ውስጥ ዴሲ ሞሰስ የሚባል ቤት አለ። ዴሲ ኮሌጁ ውስጥ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። ቤቷ ለተማሪ ክፍት ነበር። በ1981 ስታርፍ ቤቱን ለኮሌጁ ተወችው። ዱቄት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ ቸኮሌት ሁልጊዜ አለ። ማንም ተማሪ ገብቶ ኩኪስ ይጋግራል። ማንም። የሚጠበቅባችሁ ያቆሸሻችሁትን ማጠብና ለሚመጣው ሰው መተው ነው። ፈተና ሳምንት ሌሊት የማላውቀው ልጅ ጋግሮ የተወውን ስንቴ በልቻለሁ።

የምረቃዬ ዋዜማ እናቴን ወሰድኳት። ድፎ ዳቦ ልትጋግር ሊጧን ከሴንት ፖል በባልዲ ይዛ መጥታለች። ኮባ የለም፤ በፎይል። ወጥ ቤቱን ዞራ አየችና "ባለቤትየዋ የት አሉ?" አለች። "ሞተዋል፣ ቆይቷል" አልኳት። "ታዲያ ማነው የሚያስገባን?" በሩ ክፍት እንደሆነ ነገርኳት። ዝም አለች። እጇን ታጠበችና ምድጃውን ለኮሰች። ሽታው ሲወጣ አንድ ሁለት ተማሪ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ስማቸውን አልጠየቀችም። "ግቡ፣ ቁጭ በሉ" አለች በአማርኛ። ገብተው ቁጭ አሉ። ቆርሳ ሰጠቻቸው። ከዚያ የራሷን ባልዲ አጠበች፣ ልጆቹ የተዉትን ሲኒም አጠበች። ልንወጣ ስንል የተረፈውን ዳቦ ልጠቅልል ብዬ ስነሳ እጄን ያዘችኝ። ከቦርሳዋ ንጹሕ ጨርቅ አውጥታ ሸፈነችው፤ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው፣ ቢላዋውንም አጠገቡ።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ። አዎ፣ ከኋላ ያለሽው፣ ቢጫ ኮፍያ። ስልክሽን አስቀምጪና ጠይቂ።